የውሃ አሞኒያን በኔስለር ሬጀንት መለካት፦ በሐዋሳ ለሚሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና መምህራን የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በሐዋሳና በአካባቢዋ የጉድጓድ፣ የቧንቧ ወይም የሐይቅ ውሃ ናሙና ወስደው አሞኒያ መኖር አለመኖሩን፣ ካለም መጠኑን ማወቅ ለሚፈልጉ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የኬሚስትሪ መምህራን የተጻፈ ነው። ኔስለር ሬጀንት የተባለውን መመርመሪያ ፈሳሽ ጀርመናዊው ኬሚስት ዩሊየስ ኔስለር እ.ኤ.አ. በ1856 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ይህን ያህል ዘመን ከላቦራቶሪ መደርደሪያ ሳይወርድ የቆየው አጠቃቀሙ ቀላል ስለሆነ ነው። አሞኒያ ባለበት ውሃ ላይ ሲጨመር ውሃው እንደ ብርዝ ቢጫ ይሆናል፤ የአሞኒያው መጠን ከፍ ሲል ቀለሙ ወደ ቡናማ ይጠቁራል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛ ደግሞ ቡናማ ዝቃጭ ወደ ታች ይወርዳል።

ይህ ቅለት ግን ሁለት ከባድ ጉዳዮችን ይሸፍናል። አንደኛው፣ ውሃን ሊያደፈርስ ወይም ቢጫ ሊያስመስል የሚችለው አሞኒያ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ ሬጀንቱ ሜርኩሪ የያዘ መርዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ሬጀንቱ ከሥራ በኋላ የት እንደሚቀመጥ መወሰን ይገባል፤ መመሪያውም ከዚያ ይጀምራል።

ሬጀንቱን ከመግዛት ወይም ከማዘጋጀት በፊት

ከዚህ በታች በተሰጠው አሠራር የሚዘጋጅ አንድ ሚሊ ሊትር የኔስለር ሬጀንት 44 ሚሊ ግራም ያህል ሜርኩሪ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የኢንኦርጋኒክ ሜርኩሪ መጠን በሊትር 0.006 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ማለት ለአንድ ናሙና የምንጠቀምበት አንድ ሚሊ ሊትር ሬጀንት ብቻውን ከ7000 ሊትር በላይ ውሃን እስከ ወሰኑ ድረስ ሊበክል ይችላል ማለት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ውሃ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ወደ ሐይቁ የገባ ሜርኩሪ በጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ በባክቴሪያ አማካኝነት ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለወጣል፣ ከዚያም በዓሣ ሥጋ ውስጥ ይከማቻል። ቆሮሶውንና አምባዛውን የሚበላው የከተማው ሕዝብ ነውና፣ የሐይቁን ንጽሕና ለመከታተል የተሠራ ምርመራ ሐይቁን መልሶ እንዳይመርዝ ከሁሉ አስቀድሞ መጠንቀቅ ግዴታ ነው።

በመሆኑም ምርመራው የተማሪዎች ማሳያ ከሆነ ወይም በሳልሲሌት ዘዴ የሚሠራ፣ ሜርኩሪ የሌለበት መመርመሪያ ማግኘት ከተቻለ፣ ኔስለርን ባይጠቀሙ ይመረጣል። የሳልሲሌት ዘዴ አረንጓዴ ቀለም የሚሰጥና ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም ለአብዛኛው የውሃ ምርመራ በቂ ነው። በኔስለር መሥራት ግድ ሲሆን ግን የሚከተሉት ሦስት ነገሮች አስቀድመው ይሟሉ፤ ክዳኑ ጥብቅ የሆነና «ሜርኩሪ ያለበት ፍሳሽ፣ መርዝ» ተብሎ በጉልህ የተጻፈበት ጠንካራ ዕቃ፣ ያንን ፍሳሽ በመጨረሻ ማን እንደሚረከብ በጽሑፍ የተገኘ ማረጋገጫ፣ እንዲሁም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጋውን። ተረካቢው ኬሚካሉን የሸጠው አቅራቢ ወይም አደገኛ ቆሻሻ እንዲይዝ የተፈቀደለት አካል ሊሆን ይችላል። ተረካቢ ካልተገኘ ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

የሬጀንቶቹ አዘገጃጀት

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ከአሞኒያ ነጻ የሆነ ውሃ ማግኘት ነው። ለመኪና ባትሪ ተብሎ የሚሸጠው ውሃም ሆነ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ የቆየ ዲስቲልድ ውሃ ከአየር አሞኒያ ሊስብ ስለሚችል በስሙ ብቻ አይታመንም። ጥሩው መንገድ ዲስቲልድ ውሃን ጥቂት ጠብታ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሮ እንደገና ማንጠር ነው፤ አሲዱ አሞኒያውን አሞኒየም ወደሚባል የማይተን መልክ ለውጦ ያስቀረዋል። አዮን በሚለዋውጥ ሬዚን ያለፈ ውሃም ያገለግላል። የትኛውም ውሃ ይሁን፣ 50 ሚሊ ሊትሩ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ሬጀንት ተጨምሮ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሬጀንቱን የራሱን እጅግ ፈዛዛ ቀለም ያህል ብቻ ካሳየ ለሥራ ይውላል፤ ከዚያ የበለጠ ቢጫ ከሆነ ግን በዚያ ውሃ ምንም አይዘጋጅበት። ወለሉ አሞኒያ ባለበት ማጽጃ በተወለወለ ክፍል ወይም ለመጸዳጃ ቤት በቀረበ ጥግ መሥራትም ውጤቱን ያበላሻል።

ኔስለር ሬጀንት፦ አንድ መቶ ሚሊ ሊትር ለማዘጋጀት 16 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በ50 ሚሊ ሊትር ከአሞኒያ ነጻ ውሃ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ይሟሟል። ብርቱ ሙቀት ስለሚፈጠር ቢከሩ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ውሃውን በጠጣሩ ላይ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይገባም። በሌላ ቢከር 10 ግራም ሜርኩሪክ አዮዳይድና 7 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ በጥቂት ውሃ ይሟሟሉ። ሜርኩሪክ አዮዳይድ ደማቅ ቀይ ዱቄት ሲሆን በንጹሕ ውሃ ብቻ አይሟሟም ሊባል ይቻላል፤ ፖታሲየም አዮዳይዱ ሲያገኘው ግን ቀይነቱ ከጠርዙ እየሳሳ ሄዶ ጥርት ያለ ፈዛዛ ቢጫ ፈሳሽ ይሆናል። ቀይ ቅንጣት እስከታየ ድረስ ማማሰሉ ይቀጥል። ከዚያ ይህ ፈሳሽ በደንብ በቀዘቀዘው የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ ላይ እየተማሰለ በዝግታ ይጨመርና በውሃ እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል። አንድ ሌሊት ረግቶ ካደረ በኋላ ዝቃጩ ሳይነካ ጥርት ያለው የላይኛው ፈሳሽ ብቻ ወደ ጥቁር ጠርሙስ ይገለበጣል። ክዳኑ የላስቲክ ይሁን፤ ብርጭቆ በብርጭቆ ከሆነ አልካሊው ያጣብቀዋል። ከፀሐይ ብርሃን ከተሰወረ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ጠርሙሱን አለመነቅነቅና ምንጊዜም ከላይኛው ጥርት ካለው ክፍል መቅዳት ያስፈልጋል። በአፍ ስቦ በፒፔት መቅዳት ለዚህ ሬጀንት ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሮሼል ጨው፦ 50 ግራም ፖታሲየም ሶዲየም ታርትሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሟሟል። ጨው ራሱ ብዙ ጊዜ አሞኒያ ስለሚይዝ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ተንኖ እስኪቀንስ ድረስ ይፈላና፣ ሲቀዘቅዝ በውሃ ተመልሶ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል። ይህን ማፍላት ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ባይዘለል መልካም ነው። የጨው ሥራ በውሃው ውስጥ ያሉትን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ሬጀንቱ ሲገባ ውሃው እንዳይደፈርስ ማድረግ ነው።

ማነጻጸሪያ ፈሳሽ፦ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረቀ አሞኒየም ክሎራይድ 3.819 ግራም ተመዝኖ በአንድ ሊትር ፍላስክ ይሟሟል። የዚህ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ተወስዶ እንደገና እስከ አንድ ሊትር ሲሞላ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ያለው የሥራ ፈሳሽ ይገኛል።

ከእነዚህ ሌላ በሊትር 100 ግራም የሆነ የዚንክ ሰልፌት ፈሳሽ፣ በ100 ሚሊ ሊትር 24 ግራም የሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ እና በሊትር 3.5 ግራም የሆነ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያስፈልጋሉ።

ናሙና አወሳሰድ

የናሙና ዕቃው ንጹሕ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ይሁን። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ያገለግላል፤ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ግን አይመከርም። ዕቃው በሚቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ፣ ጣትም ወደ ውስጥ አይግባ፤ ላብ አሞኒያ አለበትና።

ከቧንቧ ሲቀዳ ውሃው ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ይፍሰስ። ውሃው በቀጥታ ከመስመሩ የመጣ ነው ወይስ በግቢው ሮቶ ውስጥ ያደረ የሚለው መመዝገብ አለበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚኖረውና ክሎሪኑ ከአሞኒያው ጋር ስለሚዋሐድ፣ እንደተቀዳ ወዲያውኑ ታዮሰልፌት ይጨመርበታል፤ በግማሽ ሊትር ናሙና ውስጥ በሊትር አንድ ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን ለማጥፋት አንድ ሚሊ ሊትር ይበቃል።

ከሐይቁ ሲቀዳ የሚቀዳበት ቦታ የሚወሰነው በጥያቄው ነው። በአሞራ ገደል ዓሣ በሚበለትበትና አባ ኮዳዎች በሚሰበሰቡበት ዳርቻ የተቀዳ ውሃ ስለ ዓሣ ተረፈ ምርቱና ስለ ወፎቹ ኩስ ይናገራል እንጂ ስለ ሐይቁ በአጠቃላይ አይናገርም። ስለ ሐይቁ ለማወቅ በጀልባ ገባ ብሎ፣ እጅን ከገጹ በታች ሰድዶ መቅዳት ይሻላል። ሰዓቱ፣ የውሃው ሙቀትና ፒኤች (የአሲድነቱ ወይም የአልካሊነቱ መለኪያ) እዚያው በቦታው ይለኩ፤ ጥቅማቸው ከታች ይገለጻል።

ናሙናው በቀዝቃዛ ቦታ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢመረመር ይመረጣል። ካልተቻለ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪወርድ ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮበት በ4 ዲግሪ እስከ 28 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ከምርመራው በፊት አሲዱ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መመለስ አለበት፤ አለበለዚያ ሬጀንቱ የሚፈልገውን አልካሊነት ያጠፋበታል።

ናሙናውን ማጥራት

የሐይቁ ውሃ አልጌ ያለበት አረንጓዴ ነው፤ የጓሮ ጉድጓድ ውሃ ደግሞ በዝናብ ወራት ይደፈርሳል። ሁለቱም እንዲሁ ሊመረመሩ አይችሉም። በ100 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ዚንክ ሰልፌት ይጨመርና በደንብ ይደባለቃል። ቀጥሎ ፒኤቹ 10.5 እስኪደርስ ድረስ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመራል። ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ነጭ ለምለም ዝቃጭ ተያይዞ ጭቃውንና አልጌውን ይዞ ይወርዳል፤ ከላይ የሚቀረው ውሃ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ይህ ውሃ በማጣሪያ ወረቀት ሲያልፍ የመጀመሪያው 25 ሚሊ ሊትር ይደፋል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ራሱ አሞኒያ ሊለቅ ይችላል። ለማነጻጸር የሚያገለግለው ባዶም (ናሙና የሌለበት፣ ከአሞኒያ ነጻ የሆነ ውሃ) በዚሁ መንገድ ይለፍ።

ከረግረግ በኩል የሚመጣ ውሃ ከተጣራ በኋላም የራሱን ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ይዞ ሊቀር ይችላል። ይህ ሲያጋጥም ከናሙናው ሌላ 50 ሚሊ ሊትር ተወስዶ በኔስለሩ ፋንታ አንድ ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብቻ ይጨመርበታል፤ የሚያሳየው ቀለም የውሃው የራሱ ነውና ከንባቡ ላይ ይቀነሳል። የጨርቅ ማቅለሚያ ያለበት የፋብሪካ ፍሳሽ ወይም የመጸዳጃ ፍሳሽ ግን በዚህ መንገድ አይመረመርም፤ ፒኤቹ 9.5 ላይ እንዲቆም ተደርጎ መነጠርና የተነጠረው መመርመር አለበት።

ምርመራው

ሰባት የሆኑ ተመሳሳይ የ50 ሚሊ ሊትር ቱቦዎች ለማነጻጸሪያ ይደረደራሉ። በቅደም ተከተል 0፣ 0.5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 ሚሊ ሊትር የሥራ ፈሳሽ ይገባባቸውና ሁሉም በውሃ እስከ 50 ሚሊ ሊትር ይሞላሉ። ይህም በሊትር 0፣ 0.1፣ 0.2፣ 0.4፣ 0.6፣ 0.8 እና 1.0 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። በስምንተኛው ቱቦ 50 ሚሊ ሊትር የተጣራ ናሙና ይደረጋል። ናሙናዎቹ ብዙ ከሆኑ አንዱ የማነጻጸሪያ ረድፍ ለሁሉም ይበቃል፤ የሚጣለውም ሜርኩሪ ይቀንሳል።

በመቀጠል ለሁሉም ሁለት ሁለት ጠብታ ሮሼል ጨው ተጨምሮ ይደባለቃል። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ኔስለር ሬጀንት፣ በተመሳሳይ ፍጥነትና በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይጨመርና ቱቦው በንጹሕ ክዳን ተዘግቶ ይገለባበጣል። በጣት ደፍኖ መገልበጥ ለእጅም ለውጤቱም ጉዳት ነው። ሁሉም ቱቦዎች አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ሆነው አሥር ደቂቃ ይቆያሉ፤ አሞኒያው በጣም ጥቂት እንደሆነ ሲገመት እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይጠበቃል።

ንባቡ የሚወሰደው ቱቦዎቹን ነጭ ወረቀት ላይ አቁሞ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት የመስኮት ብርሃን፣ ከጎን ሳይሆን ከአፋቸው ቁልቁል በማየት ነው። ከጎን ሲታዩ ተመሳሳይ የሚመስሉት 0.1 እና 0.2 ከላይ ሲታዩ በግልጽ ይለያያሉ። ስፔክትሮፎቶሜትር ያለው በ425 ናኖሜትር ያንብብ።

ናሙናው ቢጫ ሳይሆን ወተት መሳይ ድፍርስ ካሳየ ሮሼል ጨው አልበቃውም ማለት ነውና በአዲስ ናሙና ጠብታው ይጨመር። ከመጨረሻው ማነጻጸሪያ በላይ ከጠቆረ ደግሞ ቀለሙ ከወጣ በኋላ በውሃ ማቅጠን አይፈቀድም፤ ያ ቱቦ ወደ ሜርኩሪው ዕቃ ይገለበጥና ያልተነካው ናሙና ለምሳሌ አምስት እጥፍ ቀጥኖ ምርመራው ይደገማል። በዚህ ሁኔታ 0.6 ከተነበበ ትክክለኛው ውጤት በሊትር 3.0 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ነው። ይህ በ1.216 ሲባዛ 3.65 ሚሊ ግራም አሞኒያ፣ በ1.288 ሲባዛ 3.86 ሚሊ ግራም አሞኒየም ይሆናል። ሦስቱም ቁጥሮች አንድን ውሃ የሚገልጹ ስለሆኑ፣ በየትኛው እንደተጻፈ ያልተገለጸ ሪፖርት ለማነጻጸር አይረባም።

ውጤቱን ማንበብ

የከርሰ ምድር ውሃ በተፈጥሮው አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ0.2 ሚሊ ግራም በታች አሞኒያ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሞኒያ በጤና ላይ የተመሠረተ ወሰን አላወጣም፤ ሆኖም በአልካሊ ውሃ ውስጥ 1.5 ሚሊ ግራም ገደማ ሲደርስ ሽታው ይታወቃል። ስለዚህ ቁጥሩ የሚፈለገው በራሱ መርዝ ስለሆነ ሳይሆን ምልክት ስለሆነ ነው። በግቢ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ቀድሞ ያልነበረበት አሞኒያ በድንገት ካሳየ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም የከብት በረት ፍሳሽ በቅርቡ እንደደረሰበት መጠርጠር ይገባል፤ ቆየት ያለ ብክለት ብዙውን ጊዜ ወደ ናይትሬት ተለውጦ ነው የሚገኘው። ይህን ጥርጣሬ የሚያረጋግጠው የባክቴሪያ ምርመራ እንጂ ኔስለር አይደለም፤ አሞኒያ አለመገኘቱም ውሃው ለመጠጥ ደህና ነው አያሰኝም።

ጉድጓዱን በበረኪና ማከም ለሚፈልግ ቤተሰብ ይህ ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን በስሌት 7.6 ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን ይበላል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሚሊ ግራም አሞኒያ ባለበት ጉድጓድ ላይ በሊትር ሁለት ሚሊ ግራም ክሎሪን ብቻ ከተጨመረ፣ የሚቀረው ክሎራሚን የተባለው ጀርም ገዳይነቱ ደካማ የሆነ ውሁድ ነው። የበረኪና ሽታ መኖሩ ውሃው መታከሙን አያረጋግጥም፤ መጀመሪያ ብክለቱ የሚመጣበት መንገድ ይዘጋ።

ለዓሣ ጉዳዩ ይለያል። ኔስለር አሞኒያንና አሞኒየምን ሳይለይ በአንድነት ነው የሚለካው፤ ዓሣን የሚጎዳው ግን አሞኒያው ነው፤ ድርሻውም በፒኤች ይወሰናል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ የአሞኒያው ድርሻ ከመቶ 0.6 ገደማ ሲሆን፣ በ8.5 ከመቶ 15፣ በ9 ደግሞ ከመቶ 36 ይደርሳል። የሐዋሳ ሐይቅ አልካሊ ነው፤ ከሰዓት በኋላም አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ፒኤቹ ከፍ ይላል። በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም የተነበበበት ውሃ ፒኤቹ 9 ከሆነ 0.18 የሚሆነው ዓሣን በሚጎዳው መልክ ነው ያለው፤ ይኸው ንባብ ፒኤቹ 7 በሆነ ኩሬ ውስጥ እዚህ ግባ የማይባል ነበር። ፒኤችና ሰዓት ያልተጻፈበት የሐይቅ ውጤት ለዓሣ አርቢ የሚነግረው ነገር የለም።

ፍሳሹን መያዝ

ሬጀንት የገባባቸው ቱቦዎች ሁሉ፣ ባዶውና ማነጻጸሪያዎቹም ጭምር፣ ወደ ሜርኩሪው ዕቃ ይገለበጣሉ፤ የመጀመሪያውና የሁለተኛው እጣቢም እዚያው ይግባ። በዕቃው ውስጥ አሲድም ሆነ በረኪና አይጨመር። መሬት ላይ ከፈሰሰ በአሸዋ ወይም በወረቀት ተመጥጦ በወፍራም ፕላስቲክ ይታሸጋል እንጂ በውሃ ታጥቦ ወደ ቦይ አይሰደድም። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ ዓይን ከሆነ ወይም ከተዋጠ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ዕቃው ተቆልፎ በሚቀመጥ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከሥሩ ሳፋ ተደርጎለት ይቀመጥ። ከጎኑ በሚንጠለጠል መዝገብ ላይ በየቀኑ የተጨመረው መጠንና የሠራው ሰው ፊርማ ይጻፍ፤ ዕቃው ሦስት አራተኛው ሲሞላም ተረካቢው ይጠራ።

በናሙናው መዝገብ ላይ ደግሞ የተቀዳበት ቦታ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ሙቀቱ፣ ፒኤቹ፣ ስንት እጥፍ እንደቀጠነ፣ የባዶው ንባብ፣ እንዲሁም ውጤቱ በናይትሮጅን፣ በአሞኒያ ወይም በአሞኒየም መጻፉ ይገለጻል።